ለቅሶ የሌለበት ድንኳን

ተናኘወርቅን ከልጅነቷ ጀምሮ ስለማውቃት ስለ እሷ ለመናገር ፈቃድ አልጠይቅም። አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። ግትር ናት። ቅድመ አያቷ ከሸዋ ከመጡት ወታደሮች ጋር መጥተው ሐረር የቀሩ ሰው ናቸው፤ በአንድ ክንድ አጥር ምክንያት ከጎረቤታቸው ጋር ዕድሜ ልካቸውን ሲካሰሱ ኖረው ሞቱ ይባላል። እሷም የእሳቸው ዘር ናት። እሳቸው የተሟገቱት ለአጥር ነው፣ እሷ ግን ለባሏ ነው።

የምንኖረው እዚያው ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ነው፤ ላይኛውን አስፋልት ከታችኛው በምታገናኝ፣ ኮብልስቶን በተነጠፈባት አንዲት ጠባብ መንገድ ዳር። ስሜ ኒቆዲሞስ ይባላል። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ስሆን የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ተናኘ ደግሞ የዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበረች። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት፣ ሳህኑ ሁሉ በእሷ እጅ ነው። ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነበር የምትዞረው። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንዲት ማንኪያ ጠፋባት ሲባል አልሰማሁም።

ባሏ ጋሽ ለገሠ ከጎጃም በወታደርነት የመጡ ሾፌር ናቸው። ሐረር ሲመደቡ ለሁለት ዓመት መስሏቸው ነበር፤ ተናኘን አገኙና አርባ ዓመት ቀሩ። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ከወሰደባቸው ስድስት ዓመት ሆናቸው። ዓይናቸው ቢጠፋም ከሰው አልተለዩም። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ግንቡን በግራ እጃቸው እየዳሰሱ፣ ታች ጥጉ ላይ ወዳለችው ሱቅ ይወርዳሉ። እዚያ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ስኳር የሌለው ሻይ ይጠጣሉ፣ ከእኔ ጋር ይጨቃጨቃሉ፣ ፀሐይ ስትበርድ ይመለሳሉ። የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ይለዩታል። «የዚህ ልጅ ፍሬን አልቋል» ካሉ አልቋል ማለት ነው። ሐኪማቸውም መራመድ እንዳይተዉ ደጋግሞ ነግሯቸዋል። ካልተራመዱ ደም እግራቸው ላይ በደንብ አይደርስም፣ እግሩ ይበላሻል።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ልደት። ጋራ ሙለታ በኩል መምህርት ናት። ያለችበት ቀበሌ ስልክ የሚሠራው ኮረብታ ላይ ሲወጡ ብቻ ስለሆነ እሁድ እሁድ ነበር የምትደውለው።

ጣጣው የመጣው ዋናው መንገድ ይታደሳል ተብሎ የተቆፈረ ጊዜ ነው። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ አሸዋ ጫኙ ሁሉ አቋራጭ ብሎ ወደ እኛ መንገድ ዞረ። ከሁሉም የሚከፋው የጫት መኪና ነው። ሐረርጌ ያልኖረ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል። ጫት ከጠወለገ ገዢ የለውም፣ ስለዚህ የጫት ሾፌር አይቆምም። ከአወዳይ ከተነሣ ጅግጅጋ እስኪደርስ መኪናው ፍሬን እንዳለው እንኳ ትዝ አይለውም። በእኛ ሰፈር ደግሞ የእግረኛ መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ በር ከፍተህ እግርህን ስታወጣ ያረፍከው መኪና መንገድ ላይ ነው። ልጆች በር ላይ መጫወት ተዉ። እኔም ከቤቴ ስወጣ እንደ ሌባ አንገቴን አውጥቼ ግራ ቀኝ ማየት ለመድኩ፤ በስልሳ ዓመቴ።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቀን፣ የአንድ ፒክአፕ መስተዋት የጋሽ ለገሠን ዘንግ መታና ለሁለት ሰበረው። እሳቸው ቦዩ ውስጥ ወደቁ። መኪናው አልቆመም። ሱቋ ጋ ሆኜ አይቻለሁ። ሮጬ ሳነሣቸው የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «ሦስተኛ ማርሽ! በዚህ ቁልቁለት በሦስተኛ ማርሽ!» የሚል ነበር። ጉልበታቸው ተላጠ። ለስኳር በሽተኛ ደግሞ የተላጠ ጉልበት ቀላል ነገር አይደለም፤ ለመዳን ሁለት ወር ፈጀ።

ቁስሉ ዳነ፣ እሳቸው ግን አልወጡም። ፈርተዋል። ወታደር የነበረ ሰው ፈራሁ አይልም፤ «ዛሬ ብርድ ነው፣ ነገ እወጣለሁ» ነው የሚሉት። በሐረር ፀሐይ ብርድ! ተናኘ አንድ ቀን እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸው። ሁለቱም ግንቡ ላይ ተለጥፈው አሥራ አንድ መኪና አሳልፈው፣ አንድ እርምጃ ሳይሄዱ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ማዳመጥ ሆነ ሥራቸው። በጥር መጨረሻ የግራ እግራቸው ጣት መጥቆር ጀመረ። ሐኪሙ ተናኘን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «እማማ፣ በዚሁ ከቀጠሉ በሚቀጥለው ቀጠሮ የምናወራው እግሩን ስለ መቁረጥ ነው» አላት። ቀጠሮው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነበር።

የዚያን ዕለት ቤቴ መጣች። አላለቀሰችም። «ጻፍ» አለችኝ።

ጻፍኩ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መንገዱ የመኖሪያ ሰፈር መንገድ ስለሆነ አላፊ ተሽከርካሪ ይከልከልልን፣ ቢያንስ የጭነት መኪና ይታገድልን፣ ይህም ባይሆን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራልን እያልኩ። አርባ ሰባት አባወራ ፈረመ። የከተማው የመንገድ ቢሮ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» ይለናል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ከዚያ እሷ ሴቶችን አስተባብራ ድንጋይ ደረደረች። ሾፌሮቹ ወርደው እየገፉ አለፉ። በርሜል አቆመች፤ አንድ ደንብ አስከባሪ መጣና «እናቴ፣ ያለ ፈቃድ መንገድ መዝጋት ያስጠይቃል» ብሎ በርሜሉን ጭኖ ሄደ። ፉአድ ከሚባል ባጃጅ ነጂ ጋር ደግሞ አንድ ጠዋት እንዲህ ተጣሉ፤ እሱ ጥሩምባውን ነፋባት፣ እሷ የልብስ እጣቢ መስተዋቱ ላይ ደፋችበት። «አቦ፣ እኔ ምን ላድርግ? ዋናው መንገድ እኮ ጉድጓድ ነው!» ብሎ ሲጮህ እስከ ቤቴ ይሰማ ነበር።

ለቀጠሮው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከገበያ ስመለስ መንገዳችን ጸጥ ብሏል። ላይኛው አፉ ላይ፣ ከግንብ እስከ ግንብ፣ የዕድራችን ድንኳን ተተክሏል።

ጥሩንባ አልተነፋም፣ ማንም አልደወለልኝም። ጸሐፊው ሳላውቅ ማን ሞተ? መቼም መጀመሪያ ያሰብኩት ጋሽ ለገሠን ነው። እየሮጥኩ ገባሁ። አራት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ተናኘ በመካከላቸው ናት።

«ማነው?» አልኳት።

«ተቀመጥ» አለች።

«ማነው የሞተው፣ ተናኘ?»

«ማንም። ድምፅህን ዝቅ አድርግ።»

ነገሩ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ሲገባኝ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሳይሞት ድንኳን! በእኛ ዘንድ እኮ ለሠርግ የተተከለ ድንኳን እንኳ ሠርጉ እንዳለቀ ቶሎ ይነሣል፤ የዕድር ድንኳን ያለ ሬሳ መትከልማ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። በዕድሩ ደንብም ያለ ዳኛውና ያለ ጸሐፊው ፊርማ ድንኳን ከዕቃ ቤት አይወጣም። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ደንቡንም፣ ሟርቱንም፣ ንዴቴንም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ለደብዳቤህ ቆሙልህ?» አለች። «ለድንጋዬስ ቆሙልኝ? አሁን ውጣና እይ። የጫት መኪና መጥቶ ነበር፤ አየና ሙዚቃውን አጥፍቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። ያ በርሜሌን የወሰደው ልጅም መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ‹እግዜር ያጥናችሁ› ብሎኝ ሄደ። ፈቃድ አለሽ ወይ አላለኝም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ኒቆዲሞስ። ስምንት ቀን ብቻ። ስምንት ቀን ይራመድልኝ።»

«ጋሽ ለገሠ ያውቃሉ?»

«ደብዳቤህ ሠርቶ መንገዱ ተዘጋ ብዬዋለሁ። እውነቱን ብነግረው በማርያም ስም ገዝቶ ያስነቅለኛል። እሱ የሚሄደው ወደ ታች ነው፣ ወደዚህ አይመጣም።»

መናገር ነበረብኝ። ዳኛው ቤት ሄጄ «ተናኘ እንዲህ አድርጋለች» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ራሴን አታለልኩ እንጂ እውነቱ ሌላ ነው። በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ሱቋ ጋ ተቀምጬ ሳለሁ ጋሽ ለገሠ ሲመጡ አየኋቸው። ግንቡን አልያዙም። መሐል መንገዱን ይዘው፣ አዲሱን ዘንግ መሬት ሳያስነኩ፣ ቀና ብለው ይመጣሉ። «ኒቆዲሞስ አለህ?» አሉ ከሩቅ። «ደብዳቤህ ሠራ እኮ! አንተ ሰው፣ ለካ መጻፍ ትችላለህ!» የሚስቁትን ሳቅ ከሰማሁ አራት ወር አልፎኝ ነበር። ታዲያ በየት አፌ ልናገር? ጭራሽ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ሁለት ጊዜ ወርደው ሁለት ጊዜ ወጡ። ተናኘ ማታ እግራቸውን በለብታ ስታጥብ ጣቱ ሞቅ ብሎ አገኘሁት ብላ ነገረችኝ፤ በእርግጥ ሞቆ ይሁን እሷ ስለፈለገች ይሁን አላውቅም። ሰፈሩ ግን ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። ዳኛው ለዘመድ ጉዳይ ድሬዳዋ ሄደው ረቡዕ ማታ ይመለሳሉ። ሰው እየመጣ «ማን ነው?» ሲል ሴቶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። ወይንሸት የምትባለው ጎረቤታችን ጭንቅ ሲላት «ዘመድ ነው፣ ሩቅ አገር» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ ነገሩ መርዶ ተባለ። መርዶ ሲሆን ደግሞ ሬሳ የለም፣ ጥሩንባ የለም፣ የሚጠይቅም የለም። ውሸቱ ራሱን ችሎ ቆመ።

ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ለገሠ ከቤት ወጡ። ወደ ታች መሄድ ትተው ወደ ላይ ዞሩ። ቆይተው ሲነግሩኝ ምክንያታቸው ቀላል ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ላይኛው አፍ ጋ ብቻቸውን ሄደው አያውቁም፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ እግራቸው በረታ፣ እስቲ ልሞክረው አሉ። ማንም አላያቸውም። ተናኘ ጓዳ ነበረች። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ፤ ባዶ እንዳይመስል ተራዬን ልቀመጥ ብዬ። አጠገቤ ፉአድ ነበር፤ ያ እጣቢ የተደፋበት ልጅ። ባጃጁን ታች አቁሞ ሊያስተዛዝን መጥቶ፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ ተቀምጧል። እንዲያ ተጣልቷት ሲያበቃ መምጣቱ አሳፍሮኝ መሬት መሬት እያየሁ ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት ዘንጉን ነው። ካስማውን መታው። ከዚያ የጋሽ ለገሠ እጅ ሸራውን ሲዳስስ በውስጥ በኩል አየሁት። እጁ ገመዱን ይዞ ወረደ፣ ካስማውን አገኘ፣ ተመልሶ ሸራው ላይ አረፈ። ፉአድ ተነሥቶ ወጣና እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አላህ ያጽናዎት፣ አባባ» አላቸው። «ሰብር ያድርጉ። ሁላችንም ወደዚያው ነን።»

ጋሽ ለገሠ እጃቸውን አልነጠቁትም።

«ማን ሞተብኝ?» አሉ።

ፉአድ ዞሮ አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ወጥቼ «ጋሽ ለገሠ፣ ማንም አልሞተም» አልኩ።

ያልኩትን እንደሰማሁ ስህተቴ ገባኝ። እንዲህ ነው የሚባለው። በአገራችን ልጅ ለሞተበት ሰው መርዶው እስኪነገር ድረስ የሚባለው ቃል ይኸው ነው፤ ማንም አልሞተም፣ ትንሽ አሟት ነው፣ ምንም የለም፣ ግቡ ቤት። ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ በር እስኪያንኳኳ ድረስ ጎረቤቱ በሙሉ ይዋሻል። ጋሽ ለገሠ ራሳቸው ስንት በር ያንኳኩ ሰው ናቸው።

«ኒቆዲሞስ፣ እኔን?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ይችን ቃል ለስንቱ ብያታለሁ። ድንኳን ተተክሎ ማንም አልሞተም? መንገዱን የዘጋችሁት ለዚህ ነው? ሦስት ቀን በልጄ ለቅሶ መሐል ስስቅ ዋልኩ?»

ተናኘ ድምፅ ሰምታ በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። «ለገሠ፣ እኔ ነኝ የተከልኩት! ለመኪናው ነው! በእመቤቴ፣ ማንም አልሞተም!» ሁሉንም ዘከዘከችው፤ ድንጋዩን፣ በርሜሉን፣ ሐኪሙ ያለውን። ከእውነት በስተቀር አንድም ቃል አልተናገረችም። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዙረው እስከ መጨረሻው አዳመጧት፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማን አስጠናሽ?» አሏት። «ያለ ሬሳ ድንኳን የምትተክል ሴት አላገባሁም። ልደት የት ናት?»

«ደህና ናት! እሁድ አናግረሃታል እኮ!»

«ዛሬ ረቡዕ ነው። ደውይልኝ።»

ደወለች። የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አይችሉም ይላል። ደግማ ደወለች። የምትገኝ እንዳይደለች ሁላችንም እናውቃለን፤ ከእሁድ በስተቀር ተገኝታ አታውቅም። እሳቸውም ያውቃሉ። ግን ዕውቀት እዚህ ላይ ምን ይሠራል? የተቀዳው የሴት ድምፅ በተናገረ ቁጥር የጋሽ ለገሠ ትከሻ ትንሽ ዝቅ ይላል። በአምስተኛው ላይ ዘንጋቸውን ጣሉ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ አግዳሚውን ትተው ኮብልስቶኑ ላይ ተቀመጡ። ያን ሐኪሙ እንደ ዓይን ብሌን ጠብቁት ያለውን እግር ድንጋዩ ላይ ዘረጉት። ከዚያ ልደት ብለው አንድ ጊዜ ጠሩና ማልቀስ ጀመሩ።

ለቅሶ ይጋባል። ነገሩ ውሸት መሆኑን እያወቁ ሴቶቹ አለቀሱ። በየበሩ ያለው ሰው ወጣ፤ የወጣውም አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ውሸቱን የማያውቁት ደግሞ «ልደት ናት ለካ! የተናኘ ልጅ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ተናኘ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየሮጠች «አልሞተችም!» ትላለች፤ እነሱም እሷን ይዘው «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ» ይሏታል። በመጨረሻ እሷም ስልኩን ጨብጣ ቆመች። ፊቷን አየሁት። በልጇ ደህንነት እርግጠኛ መሆን ያቆመችው ያኔ ይመስለኛል።

ያዳነን ፉአድ ነው። ዳር ቆሞ ሲያይ ቆይቶ ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ ልጅቷ የምታስተምረው የት ነው? ትምህርት ቤቱን ንገረኝ» አለ። ነገርኩት። «በዚያ በኩል ጫት የሚያወጡ ልጆች አሉ። አሁን ወደ አወዳይ እየወረዱ ነው።» ስልኩን አውጥቶ በኦሮምኛ ይናገር ጀመር። አንዱን ደወለ፣ አንዱ ወደ ሌላው መራው፤ አራተኛው ሰው ተገኘ። ጭነቱን ጨርሶ ሊነሣ የነበረ የጫት መኪና ሾፌር ነው። ፉአድ ከስልኩ ጆሮውን ሳያነሣ፣ «ይመለሳል» አለኝ። «ሃያ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ነው፣ ወላሂ ይመለሳል። ልጅቷን ፈልጎ ኔትወርክ ያለበት ያደርሳታል።»

የጫት መኪና ጭነቱን ይዞ ወደ ኋላ ሲመለስ ሰምቼ አላውቅም።

ጠበቅን። አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። አሥራ አንድ ተኩል አለፈ። ፉአድ ሲደውል የሾፌሩም ስልክ አይነሣም፤ እሱም ከኔትወርክ ውጭ ገብቷል። ጋሽ ለገሠ ማልቀሳቸውን ትተው ነበር። ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ተናኘ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጣ እግራቸውን ከድንጋዩ አንሥታ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። አልከለከሏትም፣ እጃቸውን ግን አልሰጧትም።

ለአሥራ ሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ስልኳ ጠራ። የማናውቀው ቁጥር ነበር። ተናኘ አንሥታ ምንም ሳትል በቀጥታ ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

«አባዬ!» የልደት ድምፅ ለሁላችንም ተሰማን። ታለከልካለች፣ ሮጣለች። «አባዬ፣ ምንድነው? አንድ ሰውዬ መጥቶ አባትሽ አሁኑኑ ይፈልጉሻል ብሎ በመኪና አመጣኝ። ምን ሆናችሁ?»

ጋሽ ለገሠ አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ አልወጣም። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው እንባቸው ይወርዳል።

«አባዬ ለምን ዝም ትላለህ? ለምን ታለቅሳለህ? እማዬስ? እማዬ የት አለች? እማዬ ምን ሆነች?» ልጅቷ እዚያ ኮረብታ ላይ መጮህ ጀመረች።

ተናኘ ስልኩን ነጠቀች። «አለሁ! አለሁ ልጄ፣ እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«ማንም» አለች ተናኘ፤ ብላም አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሐሙስ ጠዋት ድንኳኑን ራሷ ነቀለችው። እሁድ ዕድሩ ተሰበሰበ። ዳኛው፣ «ድንኳን የሟች ስም ይዞ ነው ከዕቃ ቤት የሚወጣው። አንቺ የማንን ስም ይዘሽ አወጣሽ?» ብለው ጠየቋት። ያች ግትር ሴት አንድ ቃል አልተከራከረችም። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። እኔም አውቄ ዝም ማለቴን ተናገርኩ። ተወቀስኩ፣ ሥራዬ ላይ ግን ቆየሁ፤ የሚነበብ ጽሑፍ ያለው ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነው።

መንገዱ ተዘጋ። መጀመሪያ የዘጋው ፉአድ ነው። የሆነውን ለባጃጅ ነጂዎቹም ለጫት ሾፌሮቹም በየተራ ነገራቸው፤ አብዛኞቹ በሌላ መዞር ጀመሩ። ወሬው ቢሮ ደረሰ መሰለኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሠራተኞች መጥተው ላይኛው አፍ ላይ ሦስት የብረት ምሰሶ ተከሉ። የሰፈሩ ሰው በታች ይገባል፣ አላፊ መኪና የለም። ጥናቱ አልቆ ነው አሉን። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ከጋሽ ለገሠ እግር አንድ ጣት ወሰደ፣ እግሩን ተወው፤ ከተራመዱ ይተርፋል አለ።

ይራመዳሉም። ግን መጀመሪያ የልደትን ድምፅ መስማት አለባቸው። ሳይሰሙ ከበር አይወጡም። ጸጥ ያለ መንገድ ምን ማለት እንደሆነ አንዴ ተምረዋል፣ ያንን ከውስጣቸው የሚያወጣ ሐኪም የለም። ስለዚህ ልጅቷ በየቀኑ ከክፍል ስትወጣ ኮረብታውን ወጥታ ትደውላለች። «አለሁ አባዬ» ትላለች። እሳቸው ዘንጋቸውን አንሥተው ይወርዳሉ።

ባለፈው ሐሙስ አልደወለችም። ኔትወርክ በሙሉ ጠፍቶ ነበር። አሥር ተኩል ሲሆን ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ለገሠ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጫማቸውን አሥረው፣ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ለገሠ፣ መንገዱ ባዶ ነው። አንድ ባጃጅ እንኳ የለም። አብረን እንውረድ» አልኳቸው።

«ባዶ መሆኑንማ እሰማለሁ» አሉኝ።

ተናኘን ፈለግኋት። መሐል መንገዱ ላይ ነበረች። ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ ወደ ምሰሶዎቹ ትወጣለች፣ ወደ ሱቋ ትወርዳለች፣ ቆማ ታየዋለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች መንገድ ለቀቁላት። ስታየኝ፣ «አንድ የኔትወርክ መስመር መጥታ ነበር፣ አሁን ነበረች» አለችኝና ደግማ ደወለች። ፀሐይ እስክትገባ ድረስ እዚያው ነበረች፤ ዞር በይ የሚላት መኪና አልነበረም።